የጋሽ ማስመሪያ የሕይወት ታሪክ፤ ከአሥራ ሁለቱ ሽፋኖች ታሪክ ጋር

የሥራ ባልደረቦቻቸው “ጋሽ ማስመሪያ” ይሏቸው የነበሩት ባለታሪካችን ከልብስ ሰፊ አባታቸውና ከትምህርት ቤት ጽዳት ሠራተኛ እናታቸው መጋቢት 4 ቀን 1941 ዓ.ም. ተወለዱ። ቤታቸው ሁለት ክፍል ነበር፤ አንዱ የስፌት መኪናው፣ ሌላው የተቀረው ቤተሰብ። በሦስተኛ ዓመታቸው ታናሽ ወንድማቸው ተወለዱ፤ ቤቱም ያኔ ይበልጥ ጠበበ።

ወንድማማቾቹ አባታቸው የልብስ ልክ በሚጽፉበት ወረቀት ጀርባ ላይ ጀግኖች እየሣሉ አደጉ። የጋሽ ማስመሪያ ጀግና “ጥላ ለባሽ” ነው፤ ግድግዳ አያግደውም። የታናሻቸው ደግሞ “ባለ ደወሉ”፤ ደወሉን ከመታ የሚንቀሳቀስ ሁሉ ባለበት ይቆማል። ሁለቱ ጀግኖች ግን በአንድ ገጽ ላይ ተገናኝተው አያውቁም። ማን ማንን ያድናል በሚለው ላይ ስምምነት ስላልነበረ፣ በተሞከረ ቁጥር ወረቀቱ ለሁለት ይቀደድ ነበር።

ጋሽ ማስመሪያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን አጠናቀው በ1960 ዓ.ም. በአንድ ማተሚያ ቤት በፊደል ለቃሚነት፣ የእርሳስ ፊደላትን እየደረደሩ ገጽ በማዘጋጀት ሥራ፣ ተቀጠሩ። እየቆዩም የሽፋን ክፍል ኃላፊ ሆኑ። ማስመሪያቸው ከሸሚዝ ኪሳቸው ተለይቶ አያውቅም፤ የሠርጋቸው ፎቶግራፍ ላይ እንኳ ጫፉ ይታያል።

በ1968 ዓ.ም. በየአሥራ አምስት ቀኑ የሚወጣ “ጥላ ለባሽ” የተሰኘ የኮሚክ መጽሔት ማሳተም ጀመሩ። ሁለቱም ጀግኖች አብረው እንደሚወጡ ለወንድማቸው ቃል ገብተው ነበር። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ግን አንድ ጀግና ይበቃል አሉ፤ ጋሽ ማስመሪያም እሺ አሉ። ጥፋታቸው እሺ ማለታቸው ብቻ አልነበረም። ነገሩን ለወንድማቸው አልነገሩም። ታናሽየው መጽሔቱን ከጋዜጣ ሻጭ ገዝተው፣ ከሽፋን እስከ ሽፋን አገላብጠው፣ ባለ ደወሉን አጡት። ከዚያን ቀን ጀምሮ የወንድማቸውን ደጅ አልረገጡም። መጽሔቱ ስምንት ቁጥር ወጥቶ ቆመ፤ ኩርፊያው ግን አርባ ሰባት ዓመት ዘለቀ።

በ1970 ዓ.ም. ከነርስ ባለቤታቸው ጋር ጋብቻ መሥርተው አንዲት ሴትና አንድ ወንድ ልጅ አፈሩ። በሠርጉ ላይ የሚዜው ወንበር ባዶውን ዋለ። ሌላ ሰው እንዲቀመጥበት አልፈቀዱም።

ጡረታ ከወጡ ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ2014 ዓ.ም.፣ አንዲት የማስታወቂያ ሠዓሊ ዘንድ ሄደው ለሰሚው ግራ የሆነ ሥራ አዘዙ። በ1968 መውጣት ሲገባቸው ያልወጡ የአሥራ ሁለት መጽሔቶች ሽፋን፣ ከቁጥር ዘጠኝ እስከ ቁጥር ሃያ፤ በሁሉም ላይ ጥላ ለባሽና ባለ ደወሉ አብረው። የተደረመሰ ግድብ፣ የሚቃጠል ባቡር ጣቢያ፣ የተገመሰ ድልድይ። ወረቀቱ ፀሐይ የመታው፣ ጥጉ የታጠፈ፣ የስፌቱ ሽቦ የዛገ እንዲመስል አዘዙ። አንዱ ሌላውን እንዳያድን፣ ቁመታቸውም እኩል እንዲሆን በጽሑፍ አስፈረሙ። ሠዓሊዋ ሥዕል ባመጣች ቁጥር ማስመሪያው ከኪስ ይወጣል። ሦስተኛውን በግማሽ ጣት ልዩነት መለሱባት። “አባባ፣ ይሄን ማን ያየዋል?” ብትላቸው፣ “የሚያየው ሰው አለ” አሏት።

ሐሳባቸው አሥራ ሁለቱ ሲያልቁ ራሳቸው ተሸክመው ወንድማቸው ደጅ መሄድና ይቅርታ መጠየቅ ነበር። በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ሐኪሙ ሳንባቸው ብዙ እንደማይቆይ ለቤተሰቡ ነገረ። ገና ዘጠኝ ሽፋን ነበር ያለቀው። እሳቸው ግን ሳይሞላ አልሄድም አሉ።

እዚህ ላይ ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀችው ሴት ልጃቸው የሠራችው ስሕተት መነገር አለበት። ቀኑ እያለቀ ሲመስላት፣ ሳታስፈቅድ የቁጥር ዘጠኝን ሽፋን በስልኳ ፎቶ አንሥታ ለአጎቷ ላከች። ደስ የሚላቸው መስሏት ነበር። ሽፋኑ ግን አሮጌ እንዲመስል ታዝዞ፣ አሮጌ መስሎ፣ ጥር 1968 የሚል ቀን የታተመበት የሚመስል ሥዕል ነው። አጎትየው የመለሱት አንድ መስመር ብቻ ነበር፦ “ስለዚህ የኔንም ሰርቆ አሳትሞት ኖሯል።” ከዚያ ስልካቸውን ዘጉ።

ልጅቱ ለአባቷ ተናዘዘች። አባቷ አልተቆጧትም፤ ቢቆጧት ይሻላት ነበር። ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ “አሁን ሌባም ሆንኩ” አሉ። ሦስት ሳምንት እህል አልወርድ አላቸው። ልጅቱ አጎቷ ደጅ ሁለት ጊዜ ሄዳ፣ ሽፋኑ የእጅ ሥዕል እንጂ የታተመ አይደለም ብላ በተዘጋው በር በኩል ተናግራ፣ ሁለት ጊዜም ተመለሰች።

በሃያ ሁለተኛው ቀን ጠዋት ታናሽ ወንድማቸው መጡ። ሰዓት ጠጋኝ ናቸው፤ የሥራ ማጉያ መነጽራቸውን ይዘዋል። ሰላምታ አልሰጡም። “የታለ?” ብቻ አሉ። ልጅቱ ሽፋኑን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። አጎትየው መነጽሩን ዓይናቸው ላይ ሰክተው ጎነበሱ። የታተመ ነገር ሲጎላ ደቃቅ ነጠብጣብ አለው፤ እሳቸው የሚፈልጉት እሱን ነበር። በመጨረሻም አውራ ጣታቸውን በምራቅ አርሰው ደወሉ ላይ ተጫኑ። ጣታቸው ቢጫ ሆኖ ተነሣ።

“ይሄ አልታተመም።”

“አልታተመም። ባለፈው ዓመት ነው ያሣልኩት።”

“ለምን?”

“በጊዜው መደረግ ስለነበረበት። የማተሚያ ቤቱ ባለቤት አንድ ይበቃል ቢልም፣ ዝም ያልኩህ እኔ ነኝ።”

አጎትየው ወንበር ስበው ተቀመጡ፤ እስከ ማታም አልተነሡም። በኋላ ሠዓሊዋ የጣታቸው አሻራ ያበላሸውን ላድሰው ብትል ሁለቱም በአንድ ድምፅ ከለከሏት።

የመጨረሻው ሽፋን ላይ ሠዓሊዋ ጥላ ለባሽን ጨርሳ የባለ ደወሉን ቦታ ባዶ ተወችው። ከአርባ ሰባት ዓመት በላይ እርሳስ ለሥዕል ያላነሡት ታናሽ ወንድም አልጋው አጠገብ ተቀምጠው በአራት ቀን ሞሉት። ጋሽ ማስመሪያ ማስመሪያቸውን ጠየቁ፤ ለኩ። ባለ ደወሉ በአንድ ጣት አጥሯል።

“አስተካክለው።”

“አላስተካክልም። አንተ ታላቅ ነህ።”

“እኩል ነው ያልኩት!”

“ተነሥተህ አስተካክለዋ!”

ነርሷ ባለቤታቸው ገብተው ሁለቱንም ዝም አሰኙ። ጋሽ ማስመሪያ በማግስቱ፣ ጥር 11 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ በተወለዱ በሰባ አራት ዓመታቸው፣ በክርክሩ ሳያሸንፉም ሳይሸነፉም ዐረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሁለት ልጆቻቸውን፣ ሦስት የልጅ ልጆቻቸውንና ወንድማቸውን ትተው አልፈዋል። አምላክ ነፍሳቸውን በሰላም ያኑር፤ ለቀሩትም መጽናናትን ይስጥ።

ዛሬ በእጃችሁ የያዛችሁት የዚህ ጽሑፍ ሽፋን ያ አሥራ ሁለተኛው ሥዕል ነው፤ ከሁሉም የታተመው እሱ ብቻ ነው። ማተሚያ ቤቱ ከማተሙ በፊት ቁመቱን እናስተካክለው ወይ ብሎ ጠይቆ ነበር። ወንድማቸው ማስመሪያውን ከራሳቸው ኪስ አውጥተው ለኩት፤ እያለቀሱም እንዳለ ይሁን አሉ።