አምስተኛው ድምፅ

ቅዳሜ፣ ኖቬምበር 16፣ 2013

ዛሬ ልጄ ሜሮን ከቤታችን ብዙም በማይርቀው አሌክሳንድሪያ ከተማ ባለ አሮጌ ቤተ ክርስቲያን ከሦስት ጓደኞቿ ጋር ዘመረች። መዝሙሩ ከተደረሰ አራት መቶ ዓመት አልፎታል። መሣሪያም ማይክም አልነበረም። መሃል ላይ ሲደርሱ ከላይ አምስተኛ ድምፅ ገባ። አጠገቤ የተቀመጡት ፈረንጅ ሴትዮም እያለቀሱ ጣሪያውን ያያሉ። እኔ ድምፁን ወዲያው ለየሁት። የሟቹ ባለቤቴ ድምፅ ነበር።

ወደ ቤታችን፣ ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ ስንመለስ መኪና ውስጥ፣ «ያ ከላይ የመጣው ድምፅ ምንድን ነው?» አልኳት።

«ኦቨርቶን ነው እማዬ። ድምፃችን በደንብ ሲገጥም የሚፈጠር ነው፤ ኖርማል ነው» አለችኝ።

አባቷን አላነሳሁባትም።

ቤልትዌዩ ላይ፣ ቀለበት መንገዱን ይዘን ብዙ ከሄድን በኋላ፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል፣ «እማዬ፣ አባዬ ግን ያንን መዝሙር የት ነው የተማረው?» አለችኝ።