ፍላሹ አልነበረም

ውድ እማዬ፣

ወሬ ሲንዛዛ እንደማትወጂ ስለማውቅ ዋናውን አስቀድሜ ልንገርሽ፤ ልጄ ነፃ ናት። የደም ምርመራዋ ውጤት መጣ፤ እኔን ያገኘኝ ነገር ወደ እሷ አልተላለፈም። አሁን ቀሪውን ተረጋግተሽ ስሚኝ።

እኔ አላስታውሰውም፣ ካንቺ ስሰማው ያደግኩት ነው። አንድ ዓመት ሲሞላኝ አባዬ ፎቶ ቤቱ ውስጥ በፍላሽ አነሳኝ። ፎቶው ታጥቦ ሲወጣ የግራ ዓይኔ ብሌን ነጭ ነበር። የፊልሙ ችግር መስሎት ደጋግሞ አነሳኝ፤ ያው ነጭ ወጣ። ሐኪም ቤት ስትወስዱኝ ዓይኔ ውስጥ ዕጢ ተገኘ፣ ሕይወቴን ለማትረፍም ዓይኔን አወጡት። አንቺ ታዲያ ከፊትሽ ያለውን ነገር ገጣጠምሽና፣ ከሆስፒታል የተመለስን ዕለት “ብርሃንህ ነው የልጄን ዓይን የበላው” አልሽው። ነገሩን ሁለተኛ አላነሳሽበትም፤ እሱ ግን ፍላሹን በጨርቅ ጠቅልሎ ቁም ሣጥኑ አናት ላይ ሰቀለው።

ከዚያ ወዲያ የሆነውን አብረን አይተናል። ደንበኛ ሁሉ ትልቁ መስኮት ሥር በርጩማ ላይ ይቀመጣል፤ ደመና ከሆነ “ነገ ተመለሱ” ይባላል። ሰፈሩም “ጋሽ መስኮት” ብሎ ስም አወጣለት። ዝናብ የያዛቸው ሙሽሮች ወደ ማዶው ፎቶ ቤት ሲሮጡ በሩ ላይ ቆሞ “ይቅናችሁ” ይላቸው ነበር። መሳቅ የሚወደው አባዬ፣ እኔ በመስታወት ዓይኔ ስቀልድ ብቻ አይስቅም። ለምን እንደሆነ እኔም አንቺም እናውቅ ነበር።

ሳረግዝ ፍርሃት ገባኝ። የዓይን ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። ዶክተሯ ስታስረዳኝ፣ ዕጢ እንዳይበቅል የሚጠብቅ አንድ ዘረመል አለ አለችኝ፤ የኔ ከፅንሴ ጀምሮ የተበላሸ ነው። ለልጄ ወይ ደህናውን ወይ የተበላሸውን አወርሳለሁ፣ ዕድሉም እኩል በእኩል ነው። እኔ ራሴ ሌላ ቦታ ላይ ዕጢ እንዳይወጣብኝ ዕድሜ ልኬን ክትትል ያስፈልገኛል። “አትፍሪ፣ ግን ቀጠሮ አትዝለይ” አለችኝ። ልጅቷ ስትወለድ ደሟ ተወሰደና መጠበቅ ጀመርን። ጡት እያጠባኋት ዓይኗን ከማየት በቀር ሥራ አልነበረኝም።

በዚያው መሀል ዶክተሯ አባዬንም አምጪው አለችኝ። ጠብታ አድርጋ ብሌኖቹን አስፍታ ስትመረምረው በቀኝ ዓይኑ ጀርባ ትንሽ ጠባሳ አገኘች። በልጅነቱ እሱም ዕጢ ነበረበት፣ ሳያድግ በራሱ ጊዜ ደርቆ ቀርቷል፤ አልፎ አልፎ እንዲህ ያጋጥማል አለችን። የተበላሸው ዘረመል ወደ እኔ የመጣው ከሱ መሆኑን በኋላ የደም ምርመራውም አረጋገጠ።

ይሄኔ አባዬ ስንት ዘመን አፍኖ የያዘውን ጥያቄ አወጣው።

“የፍላሹ ብርሃንስ?”

ዶክተሯ አልገባትም። ሕፃን ሆኜ ደጋግሞ በፍላሽ እንዳነሳኝ፣ ዓይኔም ከዚያ በኋላ እንደወጣ አንገቱን ደፍቶ ነገራት።

“አባባ፣ ፍላሽ ዕጢ አያመጣም” አለችው። “ጤነኛ ዓይን በፍላሽ ቀይ ሆኖ ይወጣል፤ ነጩን ያሳየዎት እሱ ነው። ባያነሷት ኖሮ ዘግይታችሁ ትመጡ ነበር። ያኔ እሷንም ልታጧት ትችሉ ነበር።”

በኔ ነው የመጣው ሲባል ይሰበራል ብዬ ሰግቼ ነበር እማዬ። እሱ ግን መሀረቡን አውጥቶ ፊቱን ጠረገና “በደም ከሆነማ እኔም ተሰጥቶኝ ነው። በእጄ ያደረግኩት መስሎኝ እኮ ነው” አለ። ጠብታው ብርሃን አላስችል ስላለው የኔን ጥቁር መነጽር ሰጠሁት። በሴት መነጽር መንገድ ለመንገድ እየሳቀ ቤት ገባ።

የልጅቷ ውጤት ሲደወልልኝ ከአባዬ ጋር በምሠራበት ፎቶ ቤት ውስጥ የመታወቂያ ፎቶ እየቆረጥኩ ነበር። ዶክተሯ “አልወረሰችም” ስትለኝ የአንዱን ደንበኛ ጆሮ አብሬ ቆረጥኩት። ሰውየው ሊቆጣ ሲል እንባዬን አየና “ግዴለም፣ ሌላ አንሱኝ” ብሎ ተመልሶ መስኮቱ ሥር ተቀመጠ። ምን እንደሆንኩ እንኳ አልጠየቀኝም፣ እግዜር ይስጠው።

አንቺን ልወቅስሽ አይደለም የጻፍኩት። የልጅሽ ዓይን ሲወጣ የሆነ ሰው ወይም የሆነ ነገር ጥፋተኛ መሆን ነበረበት፣ በቅርብ የተገኘው ደግሞ ፍላሹ ነበር። በሕይወት ኖረሽ ይህን ብትሰሚ ምን እንደምታደርጊ አውቃለሁ። አንድ ቃል ሳትናገሪ ለአባዬ ወንበር ትስቢለትና ትከሻውን ነካ አድርገሽ ታልፊያለሽ። እሱም ይገባው ነበር።

ትናንት ቁም ሣጥኑ ላይ ወጥቶ ፍላሹን አወረደው። አርጅቶ አይሠራም፤ አዲስ ገዛ። ልጅቷን ጭኔ ላይ አስቀምጫት አነሳት፤ መጀመሪያ ደንገጥ አለች፣ ቀጥላ ሳቀች። ኮምፒውተር ላይ ስንከፍተው ሁለቱም ብሌኖቿ ቀይ ሆነው ወጡ። ታውቂያለሽ፣ በፍላሽ የተነሳ ፎቶ ላይ የሚወጣውን ቀይ ማንም ደንበኛ አይወደውም፣ አጥፉልን ይላል። እኔም እጄ ለምዶ ላስተካክል ስል አባዬ እጄን ያዘኝ።

“ተይው። እንዳትነኪው።”

በትልቁ አትሞ መስኮቱ ላይ ሰቀለው። አላፊ አግዳሚው ጋሽ መስኮት አረጀ፣ ፎቶ ማስተካከል አቃተው ይላል፤ እሱ በሩ ላይ ቆሞ ይስቃል።

ቀጠሮዬን አልዘልም፣ ቃሌ ነው። አንዱን ፎቶ ደግሞ አባዬ መስኮቱ ሥር ካነሳሽ ፎቶ አጠገብ አደርግልሻለሁ። ቀረብ ብለሽ እያት፤ ሁለቱም ቀይ ናቸው እማዬ።

በአንድ ዓይኗ ሁሉን የምታይልሽ፣
ልጅሽ