ያበሰለው ሰው እስኪቀመጥ

ሰኞ ከሰዓት በኋላ፣
ከስፌት መኪናዬ አጠገብ

የሆዴ ልጅ፣

እንዴት ነህ? እጅህስ ተሻለው? ባለፈው የዘይት ፍንጣሪ አቃጠለኝ ብለህ እየሳቅክ ነገርከኝ፤ እኔ ግን ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አልሳቅኩም። ቅባት ቀባው፣ በጨርቅ ጠቅልለህም አታፍነው። እኔ ደህና ነኝ። ደረጃ ስወጣ ጉልበቴ ያጉረመርማል እንጂ ከሥራ አላስቀረኝም። አሁን የአንድ ትምህርት ቤት መጋረጃ ይዣለሁ፤ ቤቱ በሙሉ ሰማያዊ ጨርቅ ሆኗል። አባትህ ሲገባም ሲወጣም እየተጠላለፈ ያማርራል።

በስልክ መናገር ስችል ለምን እንደጻፍኩልህ ሳትገረም አትቀርም። ካንተ ጋር ሳወራ አባትህ ሁልጊዜ አጠገቤ ነው። እንደምታውቀው አያናግርህም፤ ግን አንተ ስትደውል ከክፍሉ ወጥቶ አያውቅም። ጋዜጣውን ይዞ ይቀመጣል፤ እኛ አውርተን እስክንጨርስ ድረስ አንድ ገጽ አይገልጥም። ዛሬ የምጽፍልህን ነገር ደግሞ እንዳልነግርህ አስምሎኛል። ያስማለው ግን አፌን ነው፤ እጄን ረስቶታል። የጎረቤታችን የነርሷ ልጅ በዚህ ሳምንት አንተ ወዳለህበት ስለምትመጣ በእጇ ትሰጥሃለች።

እንግዲህ ሳልሸፋፍን ልንገርህ። አባትህ ታሟል። መጀመሪያ ዳቦ ያንቀው ጀመር፤ እኔም ጥርሱ ነው ብዬ እያለሰለስኩ አቀርብለት ነበር። ቀጥሎ ሥጋው እንቢ አለው። ጎትቼ ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ጉሮሮው ውስጥ እብጠት አለ፤ ክፉው ዓይነት ነው። ቀዶ ጥገናው የሚመጣው ወር መጀመሪያ ላይ ነው።

ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፤ ግን ሰው አታታልልም። «ከዚያ በኋላ ለጊዜው በቱቦ ነው የሚመገቡት» አለችው። «በአፍዎ መብላት ይመለሳል አይመለስም የሚለውን ግን አሁን ላረጋግጥልዎ አልችልም።»

አባትህ ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ አዞረ። «እስከዚያ ድረስስ የፈለግኩትን መብላት እችላለሁ?»

«ለስላሳ ከሆነና ቀስ ብለው ካኘኩ ይችላሉ።»

ከዚያ ወጥተን አውቶቡስ ስንጠብቅ የሚወደውን ሾርባ ልሠራለት በልቤ እያሰላሰልኩ ነበር። እሱ ደግሞ የፌርማታው መስታወት ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ያነባል። የከተማው ምግብ ቤቶች ሳምንት ነበር። ሌላ ጊዜ በራቸውን የማንረግጣቸው ቤቶች ለዚያ ሳምንት የተወሰነ ዝርዝር ያወጣሉ፤ መክፈቻ፣ ዋና ምግብና ጣፋጭ፣ ሁሉም በአንድ ዋጋ። ከዝርዝሩ ውጭ ማዘዝ፣ ይሄን በዚያ ለውጡልኝ ማለት የለም። አባትህ ጣቱን መስታወቱ ላይ አድርጎ ወደ ታች ወረደና ጣሊያን የሚል ሲያገኝ ቆመ።

«እዚህ እንሂድ» አለኝ።

ዕድሜ ልኩን ምሳውን ከብየዳ ጠረጴዛው ላይ የበላ ሰው! በሽታው ጭንቅላቱ ላይ ወጣ እንዴ ብዬ ደነገጥኩ።

የመጀመሪያው ቤት ትልቅ ነበር። አባትህ ከመግባቱ በፊት የበሩን ማጠፊያ በጣቱ ዳሰሰ፤ እኔም ከመቀመጤ በፊት የጠረጴዛውን ልብስ ጠርዝ ገልብጬ ስፌቱን አየሁ። ጥንድ ነን መቼም። የአባትህ በር ፈተናውን አልፏል፤ የኔው ጠርዝ ግን የተጣደፈ ሰው ሥራ ነው። አስተናጋጇ ዝርዝሩን ስትሰጠው መነጽሩን አድርጎ ከላይ እስከ ታች አነበበና፣ «ቢጫው ሩዝ የለም?» አላት።

«ሪዞቶ ማለትዎ ነው፣ አባባ? በሳምንቱ ዝርዝር ውስጥ የለም።»

ወዲያው አስታወስኩት። ከምትሠራበት የጣሊያን ምግብ ቤት በስልክ የላክህልኝ ፎቶ፣ በነጭ ሳህን ላይ ያለው ቢጫ ሩዝ፣ ከሥሩ «ዛሬ እኔ የሠራሁት» ያልከው። ስልኬን ጠረጴዛ ላይ ክፍቱን ትቼ ወደ ጓዳ የሄድኩት አውቄ ነበር። ስመለስ እንደተውኩት ነው ያገኘሁት፤ አላየውም ብዬ ነበር። ለካ አይቶታል።

ከዚያ የቲማቲም ሾርባው መጣ። አባትህ ሁለት እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ማንኪያ አላነሳም።

«ምን ትጠብቃለህ?» አልኩት።

«ያበሰለው ሰው አልተቀመጠም።»

የቤታችንን ነገር አትረሳውም። እኔ ጨው ረሳሁ፣ ውሃ ረሳሁ እያልኩ ስመላለስ አንተ «ረሃብ ገደለኝ» ብለህ እጅህን ስትዘረጋ፣ እሱ «እናትህ ትቀመጥ» ይልሃል። አባትህ መልካም ቃል ከአፉ የማይወጣው ሰው ነው፤ ለኔ የሚናገረው መልካም ቃል ያ ነበር። አንድ ቀን እንኳ ሳልቀመጥ ጎርሶ አያውቅም። ግን እዚህ፣ ማንም በማያውቀን ትልቅ ምግብ ቤት?

«አንተ ሰውዬ፣ እዚህ እኮ አብሳዩ አይቀመጥም። ሥራ ላይ ነው።»

«ታዲያ እሱ መቼ ነው የሚበላው?»

አንተ መቼ ነው የምትበላው፣ ልጄ? ይሄን ሁሉ ዘመን በላህ ወይ እያልኩህ፣ መቼ ብዬ ጠይቄህ አላውቅም።

አስተናጋጇ ምግቡ ያላማረው መስሏት ወስዳ አሙቃ መለሰችው። እሱ አሁንም እጁ ጉልበቱ ላይ ነው። በመጨረሻ እኔን አፍሮ ጥቂት ቀማምሶ ተወው። በር ላይ ወንበር የሚጠብቅ ሰው ስለነበረ ጊዜያችሁ አልቋል ተባልን። መንገዱን በሙሉ እየተቆጣሁት ሄድኩ፤ እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ ብሎ የየሱቁን በር እያየ ይራመዳል።

በማግሥቱ ሌላ የጣሊያን ቤት ወሰደኝ። ቢጫው ሩዝ እዚያም የለም። ይባስ ብሎ አብሳዩ ይጠራልኝ አለ። የመጣው ከረባት ያሰረው ሥራ አስኪያጅ ነበር፤ አቤቱታ መስሎት ፊቱ ቀልቷል። «ሼፉ በሥራ ሰዓት አይወጣም፣ አባባ። ቅር ያለዎት ነገር ካለ ለኔ ይንገሩኝ» አለ። «ምግባችሁን አልነቀፍኩም» አለው አባትህ፣ ሌላ ምንም አልጨመረም። ሥራ አስኪያጁ ግራ ቢገባው ተጨማሪ ጣፋጭ ላከልን። እኔ ሁለቱንም በላሁ፤ ንዴት ሲይዘኝ ጣፋጭ እንደማልምር ታውቃለህ።

ስንወጣ እጁን ያዝኩና አቆምኩት። «ምን ፈልገህ ነው እንዲህ የምታንከራትተኝ?»

መሬት መሬት እያየ፣ «የዚያን ቀን እኮ ሳይቀመጥ ተነሳሁበት» አለኝ።

የትኛው ቀን እንደሆነ አልጠየቅኩትም። አንተም አትጠይቀኝ። የመሄጃህ ዋዜማ፣ ነጩን ሸሚዝህን ለብሰህ ምሳ አበሰልክልን። የአባትህን ወርክሾፕ ትተህ ወጥ ቤት እገባለሁ ካልክ ጀምሮ ፊቱን አጥቁሮ ነበር የሰነበተው። እንደ ልማዱ ሳይነካ ጠበቀ። አንተ የመጨረሻውን ሳህን አምጥተህ ወንበርህን ስትስብ፣ ኮፍያውን አንሥቶ ወጣ። አንተም አቀርቅረህ ብቻህን በላህ። እኔ መሃላችሁ ቆሜ ቀረሁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስለዚያ ምሳ አንዲት ቃል ተንፍሶ አያውቅም ነበር።

ሳምንቱ ሊያልቅ ሲል ሦስተኛ ቤት አገኘን። ከልብስ ማጠቢያ ቤቱ ጀርባ ያለች ጠባብ ቤት ናት፤ በሯ ሲከፈት ወለሉን ይፍቃል፤ አባትህ ገና ሲገባ ግንባሩን ቋጠረ። ዝርዝሩ ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ተጽፏል። አነበበና ሳይቀመጥ በጣቱ አሳየኝ። ሪዞቶ ይላል። ባልየው ያበስላል፣ ሚስቱ ታስተናግዳለች፤ ማብሰያው ከግማሽ ግድግዳ ጀርባ ስለሆነ ባልየው ድስት ላይ ተደፍቶ ሲያማስል ይታያል። ዕድሜው እንዳንተ ነው።

ቢጫው ሩዝ መጣ። አባትህ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

በቃኝ አልኩ። ተነሥቼ ግማሹ ግድግዳ ድረስ ሄድኩ። «ልጄ፣ ይቅርታ አድርግልኝ። ባለቤቴ ታሟል። ያበሰለው ሰው ካልተቀመጠ መብላት አይሆንለትም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደግሞ መብላት ራሱ ላይሆንለት ይችላል።»

ልጁ አየኝ። ድስቶቹን አየ። ከዚያ እጁን ጠርጎ ሚስቱን «እሳቱን እይልኝ» አላትና ላቡ እየወረደ መጥቶ ከፊታችን ተቀመጠ።

«ተቀመጥክ?» አለው አባትህ።

«ተቀምጫለሁ፣ አባባ።»

አባትህ ማንኪያውን አነሳ። ጎረሰ። ሲውጥ ዓይኑን ጨፍኖ ጠረጴዛውን ጨብጦ ነው፤ እኔም አብሬው ትንፋሼን ያዝኩ። ወረደለት። ደገመ። ሰው ሲበላ አይቼ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

ትንሽ ከበላ በኋላ የልጁን ክንድ አየ። ጠባሳ በጠባሳ ነው። «ይሄ ምንድነው?» አለው።

«የምድጃ በር።»

አባትህ እጅጌውን ሰበሰበ። «ይሄ የብየዳ ነው። ያኛውስ?»

«ዘይት።»

«ይሄኛው ደግሞ ብረት ስቆርጥ ነው።»

እንደ ልጆች ክንዳቸውን ጎን ለጎን ዘርግተው ሲያስተያዩ ሚስትየዋ ከወዲያ ሆና ትስቃለች። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። አባትህ የልጁን ክንድ በጣቱ ዳሰሰ፤ አንተም እንደሱ በእሳት የምትሠራ ሰው መሆንህ የገባው ያኔ ይመስለኛል።

«ልጅ አለዎት፣ አባባ?» አለው ልጁ።

እስከዛሬ ሰው ሲጠይቀው «ውጭ ነው» ብሎ ወሬ ይቀይራል። ያን ቀን ግን አፉን ሞልቶ፣ «አለኝ። ምግብ አብሳይ ነው። ይሄንኑ ነው የሚሠራው» አለ።

«ጎበዝ ነዋ!»

አባትህ ሳህኑን አየ። «የሱን አልቀመስኩትም» አለ።

ከዚያ ልጁን «አንተስ ምሳ በልተሃል?» ሲለው «ካገኘሁ ቆሜ ነው የምበላው» አለው፤ አባትህ ማንኪያ አስመጥቶ ሳህኑን መሃል ላይ ገፋለትና አብረው በሉ። በማግሥቱ መሣሪያውን ይዞ ሄዶ በሩን አስተካክሎለት መጣ። አሁን ወለሉን አይፍቅም አሉ።

የምለምንህ ይሄ ነው፤ ከቀዶ ጥገናው በፊት ና። ተቆጥተህ ከሆነም ተቆጥተህ ና። ይቅርታ በለኝ ብለህ ከጠበቅክ ላይልህ ይችላል፤ ያንን ቃል ሲያወጣ እኔም ሰምቼው አላውቅም። ግን ያንን ሩዝ እዚህ፣ በኔ ምድጃ ላይ ሥራው። ቀጠን አድርገው። ከዚያ ወንበርህን ሳብና ተቀመጥ፤ በዚህኛው ምሳ አይነሳብህም። ሌላው ሁሉ ቢቀር አንተ የሠራኸው በጉሮሮው ይውረድለት።

የቤቱ ወሬ አንድ ብቻ ቀርቶኛል። እሱ ራሱ የሠራልህ የብረት ወንበር፣ እግሩ የሚወላገደው፣ አንተ ከሄድክ ጀምሮ ወርክሾፕ ጥግ ተጥሎ ነበር። ትናንት አውጥቶ በየደው፤ ዛሬ ጠዋት ደግሞ አረንጓዴ ቀለም ቀብቶ ደጅ አሰጣው። ለምን ብለው «ዝም ብሎ ከሚዝግ» አለኝ።

እጅህን ከእሳት ይጠብቅልኝ። የነካኸው ይጣፍጥ፣ የያዝከው ይባረክ፣ ከደጅህ እንግዳ አይጥፋ። ቆመህ አትብላ። መንገድህን ፈጣሪ ያቅናልኝና በሰላም ያገናኘን።

ልፈርም ስል አባትህ ገባ። ወረቀቱ ላይ መጋረጃውን ጣል አደረግኩበት፤ እሱ ግን አይቶታል። ለማን ነው አላለኝም። ውሃውን ትንሽ ትንሽ እያደረገ ጠጣ፣ ብርጭቆውን አስቀመጠ፣ ተመልሶ ሲወጣ በሩ ላይ ቆመ። ፊቱን ሳያዞር እንዲህ አለኝ፦

«ቀለሙ ደርቋል በይው።»

እናትህ