የጴጥሮስ ጴ

ሚዛን ተፈሪ፣ ነሐሴ 1978

ለልጅ ልጄ ለጴጥሮስ፦ ለጤናህ እንዴት ነህ? እኔ ባንተ ከመናደዴ በቀር ደህና ነኝ።

ይህን የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። ስትዘምት በየወሩ እጽፍልሻለሁ ብለህ ማልክልኝ፤ እኔም ቡናው ሳይለቀም ፊደል ቆጥሬ ራሴ እመልስልሃለሁ አልኩህ። ይኸው ቡናው ሳይቀላ መሠረተ ትምህርቱን ጨረስኩ። አስተማሪያችን «እማማ፣ ጰን ይዝለሏት፤ ብዙም አታገለግልም» ቢለኝ፣ «ታዲያ የልጄን ስም በምን ልጀምረው?» ብዬ አፈጠጥኩበት። እሷን ብቻ ሳምንት ሙሉ ስጽፍ ከረምኩ።

አንተ ግን አምስት ወር ሙሉ ዝም። እኔ በዚህ እድሜዬ፣ በዚህ ዓይኔ ቃሌን ስጠብቅ፣ አንተ ጎረምሳው እስክሪብቶ ከበደህ? ማን እንዲህ አድርጎ አሳደገህ?

ልጇ ካንተ ጋር የዘመተባት የዓለምሸት ቤት ባለፈው ሳምንት ሽማግሌዎች ጎህ ሲቀድ መጥተው በር አንኳኩ። አሁን ጥቁር ለብሳለች። እኔ ከዚያ ወዲህ ፀሐይ ሳትወጣ ለማንም አልከፍትም። ትናንት በማለዳ ወተት ይዛልኝ የመጣችውን ጎረቤታችንን ከድጁን እንኳ ከውስጥ ሆኜ ሰድቤ መለስኳት።

በል እግዚአብሔር ይጠብቅህ። ዛሬውኑ ጻፍ። ደብዳቤህን የሚያመጣው ሰው ግን በቀትር ይምጣ፤ በቀትር ከመጣ በሩ ክፍት ነው።

የተቆጣችው አያትህ ንጋቷ