ስኳር የሌለው ሆቶክ

ይድረስ ለወንድም ጋሼ ኪቴክ፤ መርከባችሁ ካለችበት ባሕር ድረስ ሰላምታዬ ይድረስህ። ቡሳን በርዷል እንጂ እኛ ደህና ነን።

እማዬ ሥራ ካቆመች ወዲህ ረዳቷ የነበረችው ፒልሱን ሙያዋን ሰርቃ፣ ሆዱ ስኳር የሚሞላውን የሆቶክ ቂጣ የምትጠብስበትን ጋሪዋን እዚያው የእማዬ ቦታ ላይ አቁማለች። አንጀቴ ቅጥል አለ! ትናንት ላዋርዳት ብዬ ሰልፍ ይዤ አንድ ገዛሁ። የቀለጠው ስኳር ምላሴን እንዳይልጠኝ ጠርዙን ቀስ ብዬ ገመጥኩ። ስኳር የሚባል የለውም! ደስታዬን አትጠይቀኝ።

"ኧረ ሰዎች፣ ባዶ ሊጥ እየሸጠችላችሁ ነው!" ብዬ ሰልፈኛው እስኪዞር ጮህኩ።

ፒልሱን ጠጋ ብላ፣ "ቀስ በይ አንቺ! የእናትሽ እጅ ነው፤ ስኳሩን ረስታው ነው። ጠዋት ጠዋት ሽርጥ አድርጋ እዚህ ቆማ ትጠብቀኛለች፤ ሂጂ ልበላት?" አለችኝ።

እማዬም ከጋሪው ኋላ ካጎነበሰችበት መጥበሻ ቀና ብላ፣ "ይቅርታ እመቤቴ፣ ሌላ ልጥበስልዎት" አለችኝ።

ባዶውን ጨርሼ በላሁት። ፒልሱንን ግን አልምራትም፤ ቆይ ብቻ!

እማዬ ደህና ነች፣ ሰላም ብላሃለች። ስትደውልላት ግን መጀመሪያ ስምህን ንገራት።

እህትህ ማልሱክ