ጉንጬን የነፋው

መካኒሳ አቦ፣ አዲስ አበባ
የካቲት 3 ቀን 1989 ዓ.ም.

ለልጄ ለትሩፋት፣

ስዊድን ብርዱ እንዴት ይዞሻል? እናትሽ ዓለሚቱ ደህና ናት፤ ሹራቡ ደርሷት እንደሆነ ጠይቃት ብላኛለች። የኔን ደህንነት ደግሞ በወሬ ሳይሆን በሥራ ልንገርሽ። ትናንት ከጎፋ እስከ ቤት በእግሬ መጥቼ አንዴም ሳልቆም ገባሁ። ድሮ ዑስማን ሱቅ ጋ ስደርስ ግድግዳ ተደግፌ ትንፋሼን እሰበስብ እንደነበር ታስታውሻለሽ። አሁን ያንን ግድግዳ ለሌላ ሰው ለቅቄያለሁ።

አንቺና ለታ እዚያው ተገናኝታችሁ፣ ተዋዳችሁ፣ ሽማግሌው ግን እዚህ በወግ ይላክ ማለታችሁ እኔን አኩርቶኛል። ሽማግሌዎቹ ሲመጡ የሆነውን ነገር ለታ ከቤተሰቡ ሰምቶ ሳይነግርሽ አይቀርም። «አባትሽ ቃሚ ናቸው አሉ» ብሎሽ ከሆነ የሱን ተይና ከኔ ስሚ። ጫት! እኔ ገሠሠ! በአሰብ መንገድ ኤንትሬ የጭነት መኪና ስነዳ በኖርኩበት ዘመን፣ ሾፌር ሁሉ እንቅልፍ ላለመተኛት ጉንጩን ወጥሮ ሲጓዝ፣ እኔ አንዲት ቅጠል አፌ አላስገባሁም። በስተርጅና ቃሚ ተባልኩልሽ። ያስባለኝም ያንቺው ማስቲካ ነው።

ከመጀመሪያው ልጀምርልሽ። መስከረም ላይ ከስዊድን የመጣችው ጓደኛሽ «ሲጋራ ማስተዊያ ነው» ብላ የላክሽውን የማስቲካ ፓኬት ስትሰጠኝ፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ተናደድኩ። ሽበት ያበቀለ ሰው ማስቲካ ያኝካል? ሰው ተጣላ ሲባል አስታርቅ ተብዬ የምጠራ ሰው፣ መሀል ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ጎረምሳ አፌን ላንቀሳቅስ? ልጄ ባሕር ተሻግራ ልታዋርደኝ ነው አልኩ። እናትሽ ግን ሳሌን ስትሰማ የምታድረው እሷ ናትና «ቅመሳት፣ ምን ትሆናለህ» አለችኝ። ቀመስኳት። እንደ ማንኛውም ማስቲካ አድቅቄ አኘክኋት። ወይ ጉዴ! ጉሮሮዬን እንደ ሚጥሚጣ ለበለበችኝ፣ ስቅታ ያዘኝ። እናትሽ ውሃ ይዛ እየሮጠች ስድቡን ለላኪዋ ለአንቺ አወረደችው፤ እኔንም አልማረችኝም።

በስልክ ቀስ ብለህ ነክሰህ ጉንጭህ ውስጥ አስቀምጣት ብለሽኝ ነበር። የሰማሁ መስሎኝ አልሰማሁም። በደንብ የገባኝ ዑስማን ሲያሳየኝ ነው። ታውቂው የለ፣ ባለሱቁ፣ ዓርብ ዓርብ ከወዳጆቹ ጋር ጫቱን ይዞ የሚቀመጠው። ከማስቲካዋ ጋር ስታገል አየኝና «ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ነገር አይታኘክም፣ ይያዛል» አለኝ። ነከስ፣ ነከስ፣ ስትቆጠቁጥ ወደ ጉንጭ፣ ከዚያ ዝም። ስትበርድ እንደገና ነከስ። ሙያ በልብ ነው አልኩና ያዝኩት። ሲጋራዬን ቀስ በቀስ ረሳኋት። ጠዋት ሳልለኩስ ከአልጋ መውረድ ቻልኩ። ረቡዕና ዓርብ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ማስቲካዋንም አልነካም፤ ጾም ጾም ነው።

ታዲያ ኅዳር ላይ፣ አንድ እሁድ፣ የለታ ቤተሰቦች የላኳቸው ሦስት ሽማግሌዎች ከፉሪ መጡ። ነገሩን የያዙት አቶ ኢታና የሚባሉ ረጅም፣ ቀጭን፣ ቃል የማያባክኑ ሰው ናቸው። በመስኮት ሳያቸው እጄ ኪሴን ሲዳብስ ሲጋራ የለም፤ ማስቲካዋን ጎረስኩ። እንደ ወጉ አንቀመጥም ብለው ቆሙ። አቶ ኢታና «ልጅዎን ለልጃችን» ብለው ሲጀምሩ ጉንጬ ተወጥሯል። ተናግረው ጨርሰው ወደኔ ሲያዩ «እ... ቀጠሮ...» ከማለት ሌላ ከአፌ የወጣ ነገር የለም። እናትሽ ጠላ ብትቀዳም፣ አንቺ ከማስቲካዋ ጋር ምንም አትጠጣ ብለሽኛልና እኔ ብርጭቆዬን አልነካሁም። የአቶ ኢታና ዓይን ጉንጬ ላይ ቀረ። ተሰናብተው ሄዱ።

በሳምንቱ በእናትሽ ዘመድ በኩል ወሬው መጣ። አቶ ኢታና «ከቃሚ ቤት ልጅ አንጠይቅም» ብለዋል። በአፍ ይጠፉ በለፈለፉ ይላል ያገሬ ሰው፤ እኔ ደግሞ ሳልለፈልፍ ልጠፋ ሆነ።

እናትሽ ሂድና አስረዳ አለችኝ። ሄጄ ምን ልበል? ገበያ እንደወጣ በቅሎ አፌን ከፍቼ ላሳይ? አልሄድም ብዬ አኮረፍኩ። ኩርፊያዬን ደግሞ ታውቂዋለሽ። ግን ልጄ፣ በስልክ የለታን ስም ስትጠሪ ድምፅሽ እንዴት እንደሚሆን እሰማለሁ። የሱ ነገር በኔ ጉንጭ ሰበብ ቢቀርብሽ በምን ዓይኔ አይሽ ነበር? ይህ ሐሳብ እህል ከለከለኝ።

አስቤ አስቤ አንድ መላ መጣልኝ። ሽማግሌዎቹን እንደምንም አስለምኜ ላስመጣና ሲጋራ ለኩሼ ልቀበላቸው! ጉንጬ ባዶ ይሆናል፣ ነገሩም ያበቃል። የሚያጨስ ሽማግሌ ማንን ይደንቃል? የትም ቤት አለ። እንግዲህ የኛን ነገር ተመልከቺ፤ ሳንባዬን የጨረሰው ያስከብረኛል፣ የሚያድነኝ ያሳማኛል። ዑስማን ዘንድ ሄጄ አንድ ግስላ ሲጋራ ስጠኝ አልኩት። ምነው ጋሼ፣ ትተህ አልነበረም ወይ አለኝ። ነገርኩት። አየኝ፣ አየኝና ሲጋራዋን ሰጠኝ።

ለካ በማግስቱ ሱቁን ዘግቶ ፉሪ ወርዷል። አቶ ኢታና ቤት ገብቶ «እዚያ ሰፈር ቃሚው እኔ ነኝ። ጋሽ ገሠሠ ቃሚ ቢሆን ከኔ ተደብቆ የት ይቅማል?» ብሏቸዋል። ይህን ኋላ የነገሩኝ ራሳቸው አቶ ኢታና ናቸው። ለሌላ ሰው ክብር ብሎ የራሱን ስም ቃሚ ብሎ የሚያስጠራ ጎረቤት ነው ያለኝ፣ ልጄ። ስትመጪ መጀመሪያ የምትሄጂው እሱ ቤት ነው።

ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ሽማግሌዎቹ ተመልሰው መጡ። እንደገና ቆሙ። ግስላዋ ሸሚዜ ኪስ ውስጥ ናት፤ ክብሪቱም አለ። እናትሽ ኪሴን አየች፣ ቀና ብላ እኔን አየችኝ፣ ፊቷን መለሰች። አቶ ኢታና ጉሮሯቸውን ጠረጉ። እጄ ወደ ኪሴ ሄደ። አልዋሽሽም፣ ሄደ። ሲጋራዋን በጣቴ ነካኋት። እንኳን አፌ ውስጥ ገብታ ገና ስነካት ያ አሮጌው ሳል ደረቴ ውስጥ የነቃ መሰለኝ። ተውኳትና ያንቺን ፓኬት ከጠረጴዛው አንስቼ፣ እዚያው ፊታቸው አንዷን ፈልፍዬ ጎረስኩ።

«አቶ ኢታና» አልኩ፣ «አርባ ዓመት ያጨስኩ ሰው ነኝ። ልጄ አባቴ አይሙትብኝ ብላ ይህችን ከሰው አገር ላከችልኝ። ጉንጬን የነፋው ይህ ነው። አፍሬ ነበር፤ አሁን ግን አላፍርበትም።»

ፓኬቱን ተቀበሉኝ። አገላበጡት፣ አሸተቱት፣ ከአንዷ ቆንጠር አድርገው ምላሳቸው ላይ አኖሩ። ፊታቸው ፈታ አለና ከካፖርታቸው ኪስ አንዲት ትንሽ ቆርቆሮ አወጡ። ሱረት! ጫትን እንዲያ የሚጸየፉት ሰውዬ ለካ በአፍንጫ የሚሳብ ትንባሆ ከኪሳቸው አይጠፋም። «ይሄማ የሱረቴ ዘመድ ነው» ሲሉ ሁላችንም በሳቅ ሞትን። እናትሽ እንኳ አፏን በነጠላዋ ይዛ ወደ ጓዳ ገባች። ሳቁ ሲበርድ አቶ ኢታና ወደኔ ዞሩ።

«ለአባቷ እንዲህ የምታስብ ልጅ ሳይሰጡን አንቀመጥም» አሉ።

«ይቀመጡ፤ ሰጥቻለሁ» አልኩ።

በወጉ አንድ ጊዜ ደግሜ ማመላለስ ነበረብኝ። ከኛ ወገን የነበሩት አጎቶችሽ ቸኮልክ ብለው ታዝበውኛል፤ ይታዘቡኝ። ዓይኔ እንባ ሲሞላ ሁሉም አይተውኛል፤ ማስቲካዋ ናት ያቃጠለችኝ አልኳቸው። ደግሞ በመጀመሪያው ቀን አፌን ያሰረችው ማስቲካዋ ብቻ አይምሰልሽ። አንድ ልጅ ያለው ሰው «እሺ» የምትለዋ ቃል ቶሎ አትወጣውም።

ግስላዋን ለዑስማን መለስኩለት። አቶ ኢታና ደግሞ ሱረታቸውን ሊተዉ እያሰቡ ስለሆነ ለሳቸውም አንድ ፓኬት አትርሺ። ሰፈር ውስጥ ስሜ ተለውጧል። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ «ልጁ ከስዊድን ሳንባ የላከችለት» እያሉ ያሳዩኛል። እኔም ደረቴን ነፋ አድርጌ አልፋለሁ፤ አሁን ደረቴ ሲነፋ አያስለኝም።

ሰርጉ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተስማምተናል። እናትሽ የወላድ አንጀቷ አላስችል ብሏት ምርቃቷን በዚህ ወረቀት ላይ አስፍርልኝ ብላለች፤ እግዚአብሔር መንገድሽን ያቅናልሽ፣ የምትወልጂው ይባረክልሽ ትላለች። የኔን ግን አልጽፍልሽም። ቦሌ የሸኘሁሽ ዕለት ግንባርሽን ስሜ እንትፍ እንትፍ እያልኩ ስመርቅሽ፣ ትንፋሽሽን ይዘሽ ነበር። አይቻለሁ። አልተቀየምኩሽም፤ ያንን የትንባሆ ሽታ ማን ይችለዋል? አሁን ነይና በሰርግሽ ቀን ጉልበቴን ስመሽ ቀና በዪ። ያን ቀን አፌ ውስጥ ማስቲካም አይኖርም። ጠጋ ብለሽ፣ እንደ ልብሽ እየተነፈስሽ ትመረቂያለሽ።

አባትሽ
ገሠሠ