ጥሩ እንጨት

ጥቅምት 9፣ እሑድ ከሰዓት

ለምወድህ ልጄ፣

ደህና ነህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም፤ ብጠይቅህም «ደህና ነኝ» ብለህ ነው የምትገላገለኝ። እኔ ግን ደህና አይደለሁም፤ ናፍቀኸኛል። ትናንት ገበያ መሀል አንድ ሰው ከኋላው አይቼ አንተ መስለኸኝ ተከተልኩት። ዞር ሲል ፂሙ ሽበት በሽበት ነው። መጀመሪያ ሳቄ መጣ፣ ቀጥሎ ዕንባዬ።

አባትህ ከእኔ ጋር የቤተ ክርስቲያኑን ትምህርት መከታተል ጀምሯል። መጀመሪያ ሰሞን እንቅልፉን ነበር የሚለጥጠው። ባለፈው ግን መምህሩ የጥንቶቹ አባቶች ስለ እግዚአብሔር ፍርድ ያስተማሩትን ሲያስረዱ ነቃ። «ፈራጁ ራሱ ያለ በደሉ የተፈረደበት ነው። ሲቀጣም እንደ ሐኪም ነው፤ ሊያድን ይቆርጣል» አሉ። አባትህ እጁን አወጣ።

«አንድ አባት ልጁን ‹እግዜር ይፍረድብህ› ብሎ ለፍርዱ ቢሰጠው፣ እግዜር ምን ያደርገዋል?»

ሰዉ ሁሉ ዞሮ እኔን አየ። ታናሽህ የሞተው አንተ ያሰርከው ገመድ ላልቶ፣ ከነሳንቃው ከመኪናው ላይ ወድቆ መሆኑን፣ አባትህም በለቅሶው መሀል ያንን ቃል እንደተናገረህ የማያውቅ አልነበረማ። አንተም የሄድከው ከዚያ በኋላ ነው።

መምህሩ ቀስ ብለው መልሰው ጠየቁት። «እርስዎ አናጢ ነዎት። የጠመመ ሳንቃ ሲገጥምዎት ምን ያደርጋሉ?»

«እንደ እንጨቱ ነው። ጥሩ እንጨት ከሆነ አርጥቤ፣ ክብደት ጭኜበት፣ ታግሼ አቀናዋለሁ።»

«አይጥሉትም?»

«ጥሩ እንጨት ይጣላል እንዴ?» ብሎ ተቆጣ። ከዚያ ተቀመጠ።

በማግስቱ ወርክሾፕ ብገባ፣ አንተ ከሄድክ ጀምሮ የሥራ ጠረጴዛህን ሸፍኖት የኖረውን ሸራ አንስቶታል፤ መላጊያህን በዘይት ይወለውላል። «ደብዳቤ ልጽፍለት ነው፣ ምን ልበልልህ?» አልኩት። ቀና ሳይል «መላጊያው ዝጓል በይው» አለኝ።

ታውቀው የለ፣ ይቅርታ የምትባል ቃል ከአፉ በጉጠትም አትወጣም። እኔ ግን ልለምንህ አላፍርም። የቀበርኩት አንድ ልጅ ነው፣ ሐዘን የተቀመጥኩት ግን ለሁለት ነው። የሁለተኛው ይብቃኝ።

እጅህን የሚያበረታ፣ ልብህን የሚያሳርፍ አምላክ ወዳለህበት ይምጣልህ።

እናትህ

ላሽገው ስል አባትህ ተመልሶ መጣ። በሩ ላይ ቆሞ ሲያመነታ ቆየና «የመላጊያውን ስለት አልነካሁትም፤ ራሱ ይሳለው በይው» ብሎኝ ሄደ።